ያመመ ሹሩባ አይቆይም

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ለስድስት ሳምንት የመረጃ ማሰባሰብ ሥራ ወደ ሰሜን ሸዋ ወጣሁ። ግማሹን ጊዜ መንዝ ላይ፣ ግማሹን ደግሞ ቆላ ወርደን ሸዋሮቢት ዙሪያ ነበር የምንሠራው። ጸጉሬ ሲፈታ ወገቤ ላይ ሊደርስ ትንሽ ነው የሚቀረው። መቆረጥ ደግሞ ፈጽሞ አልፈለግኩም። ስለዚህ ከመሄዴ በፊት በነበረው ቅዳሜ አዲስ አበባ አንድ ጸጉር ቤት ገባሁና "ስድስት ሳምንት መንገድ ላይ ነኝ፣ ጥብቅ አድርገሽ ሥሪልኝ" አልኳት።

ጉድ ያደረገኝ ይሄ "ጥብቅ" ማለቴ ነው።

ከግንባር እስከ ማጅራት ቀጫጭን ሹሩባ ተሠራሁ፣ ከአርቴፊሻል ጸጉር ጋር ተቀላቅሎ። አምስት ሰዓት ፈጀ። ስነሳ ቅንድቤ ሁሉ ወደ ላይ ተስቧል። ልጅቷ "ሁለት ቀን ያምሽና ይለቅሻል" አለችኝ። እኔም አላቅማማሁም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንባል ያደግነው ነው። ያን ቀን ማታ በጎኔም በጀርባዬም መተኛት አቃተኝ። ፓራሲታሞል ዋጥኩ። በማግስቱ መስታወት ሳይ ከጆሮዬ በላይ፣ ጸጉሩ በሚጀምርበት መስመር ላይ፣ ጥቃቅን ነጫጭ ብጉሮች ወጥተዋል። ዛሬ ቢሆን እዚያው ቁጭ ብዬ እፈታው ነበር። ያኔ ግን አምስት ሰዓቱም ገንዘቡም አሳዘነኝና ዝም አልኩ።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፍታው ከ2,800 ሜትር ያልፋል። በኅዳር ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ነው የሚነጋው። እኔ ግን የገባን ዕለት ማታ የመንገዱን አቧራ ላስለቅቅ ብዬ ጸጉሬን ታጠብኩ። አርቴፊሻል የተቀላቀለበት ሹሩባ ውኃ ይዞ ይቀራል። ከላይ ስትነኪው የደረቀ ይመስላል፣ መሃሉ ግን እርጥብ ነው። በዚያ ላይ ሻሽ አስሬ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን መሃል ሜዳ ስንደርስ ራሴ እንደ እርጥብ ጆንያ ይሸት ጀመር። ብርድ አገር ላይ ማታ ጸጉር አይታጠብም። ይሄን ለማወቅ እኔን ያህል መሰቃየት አያስፈልግም።

መንዝ ከፍ ያለ አገር ነው፤ መሃል ሜዳ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ነች። ሰው የሚሞቀው ኩበት አንድዶ ነው። እኛም ቃለ መጠይቁን የምናደርገው እሳቱ ዳር ቁጭ ብለን ነበር። አንዱ ቤት አንድ ሰዓት፣ ሌላው ቤት ከዚያ በላይ። ጢሱ ጸጉር ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ማታ ደግሞ የምንለብሰው ባና ነው፣ ከአገሩ በግ ጸጉር የተሠራ። ከብርዱ ሌላ የሚያድን የለም። ግን ሻካራ ነው፤ ሹሩባ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲታሽ ሲያድር ጸጉሩን ይጨረግደዋል፣ ወዙንም ይመጠዋል። በሁለተኛው ሳምንት ሹሩባዬ ሁሉ አቧራማ፣ ጭራ ጭራ ያወጣ ሆነ።

ማሳከኩ ደግሞ አለ። ሹሩባው ጥብቅ ስለሆነ ጣቴ ወደ ቆዳው አይገባም። በእስኪርቢቶ ጫፍ ነበር የማክከው።

አንድ ጠዋት ነጠላዬን ሳስተካክል ከግራ ጆሮዬ በላይ ያለችው ቀጭን ጉንጉን ላልታ ተንጠለጠለች። ሳብ ሳደርጋት ምንም ሳያመኝ እጄ ላይ ቀረች። በብርሃን አየኋት። የእያንዳንዱ ጸጉር ጫፍ ላይ ነጭ ነገር አለ፣ ከሥሩ የወጣ። አልተበጠሰም፤ ተነቅሎ ነው። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

ያረፍንባቸው እናት፣ እማማ ነበር የምንላቸው፣ ጓሳ ዳር ባለች ቀበሌ ነው ቤታቸው። ጓሳ ማለት የአገሩ ሰው ደንብ አውጥቶ፣ ተስማምቶ ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቀው ሣር ያለበት ሜዳ ነው፤ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ያለበት። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። እማማም ማታ ማታ ገመድ ይገምዳሉ። እስኪርቢቶዬን አዩና "ምን ሆነሽ ነው ራስሽን እንዲህ የምትወጊው ልጄ? ነይ እስኪ ቁጭ በይ" አሉኝ። በጣታቸው መስመሩን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። "ይሄን ማን አከረረብሽ? ቆዳሽ ቆስሏል እኮ።"

ለመፍታት ሁለት ማታ ፈጀ። እኔ፣ የሥራ ባልደረባዬና የእማማ ልጅ ሆነን በሶላር መብራት ፈታነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል፣ ጸጉሬን ታጠብኩ። ግቢው ላይ አጎዛ ተነጠፈ። እማማ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ እኔ እግራቸው ሥር። በወስፌ መስመር እያወጡ፣ ጣታቸውን ለጋ ቅቤ እያስነኩ ይሠሩኝ ጀመር። ቅቤው አደስ ስለገባበት ሽታው ልብ ያርሳል። በየመሃሉ ቆም ይሉና ይጠይቁኛል።

"አመመሽ?"

"አይ፣ ደህና ነው እማማ።"

"ያመመሽ እንደሆነ ተናገሪ። ያመመ ሹሩባ አይቆይም። ወይ ትፈቺዋለሽ፣ ወይ ጸጉርሽን ይዞት ይሄዳል።"

እሳቸው የሠሩልኝ ከአርባ ምናምን ቀጭን ሹሩባ ፈንታ ስምንት ወፍራም ሹሩባ ነው። ከግንባር ወደ ኋላ። ከሥሩ ላላ፣ አንድ ሦስት ጣት ከሄደ በኋላ ጠበቅ። ማጅራት ላይ ሲደርስ አራቱ በቀኝ፣ አራቱ በግራ ተሰብስበው ሁለት ትልልቅ ጉንጉን ሆኑ። ጫፉን አጠፉትና በጥቁር የጥጥ ክር ጠመጠሙት። አርቴፊሻል የለ፣ ላስቲክ የለ። ምሳ እስኪደርስ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፣ ለምን ያኛው እንዳቃጠለኝና ይሄኛው ለምን እንደቆየ። ሹሩባውን አጥብቆ የሚይዘው ሥሩ አይደለም፣ ርዝመቱ ነው። ረጅም ጸጉር እርስ በርሱ ተቆላልፎ ራሱን ይይዛል። ሥሩ ላይ ማክረር ምንም አይጨምርም፣ ቆዳውን ነው የሚጎትተው። ቀጭን ጉንጉን ደግሞ ጥቂት የጸጉር ሥር ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ አርቴፊሻል ሲጨመርበት ክብደቱን የሚሸከሙት እነዚያው ጥቂቶቹ ናቸው። ወፍራም ሲሆን ሸክሙን ብዙ ሥር ይካፈለዋል። ሌላም አለ። መስመር በበዛ ቁጥር የራስ ቆዳ ለፀሐይ ይጋለጣል። ደጋ ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይዋ አትታወቅም፣ ግን ታቃጥላለች። የኔ መስመሮች በመጀመሪያው ሳምንት ቀልተው ተልጠዋል።

ከዚያ ወደ ቆላ ወረድን። ጣርማበር ላይ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋሮቢት ስትደርሱ ከ1,700 ሜትር በላይ ወርዳችኋል። ሁሉም በአንድ ግማሽ ቀን ውስጥ ነው። ጠዋት ጋቢ ደርባችሁ ወጥታችሁ ቀትር ላይ ሸሚዝ ይከብዳችኋል። መንዝ ላይ ያን ያህል የጠቀመኝ ቅቤ እዚህ ቀልጦ በአንገቴ ወረደ። ኮሌታዬ ቢጫ ሆነ፣ አቧራው ተለጠፈበት፣ ዝንብ ተከተለኝ። ቅቤ ደጋ ላይ መድኃኒት ነው። ቆላ ላይ ግን ማታ ቀብቶ ጠዋት መታጠብ ካልሆነ በስተቀር አይሆንም። የቅቤ ነገር ሲነሳ ሁሌ "ለጸጉር ጥሩ ነው" ብቻ ተብሎ ይታለፋል፤ የት አገር እንደሆነ ግን መጠየቅ አለበት።

ደግነቱ የእማማ ሹሩባ ስለላላ ሳይፈታ ይታጠባል። ሻምፖውን በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ በውኃ አቀጥነዋለሁ። ክዳኑን በመርፌ በስቼ መስመሮቹ ላይ ብቻ አፈሳለሁ፣ በጣቴ ጫፍ አሻለሁ፣ አለቀልቃለሁ። ጉንጉኑን አላሸውም፤ የሚወርደው አረፋ ይበቃዋል። ሁለት ሊትር ውኃ አይሞላም። ይሄ ደግሞ ለጸጉር ብቻ ብዬ አይደለም። እኛ ባረፍንባቸው ቤቶች ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ተሸክማ የምትመጣው የቤቱ ልጅ ናት። የሷን ድካም ጸጉሬ ላይ ማፍሰስ አልፈልግም። ሁልጊዜ ቀትር ላይ ነው የምታጠበው። ሁለቱን ትልልቅ ጉንጉኖች ብቻ እፈታና በፀሐይ አደርቃለሁ። ሸዋሮቢት ላይ ከምሳ ሰዓት አያልፍም። መንዝ ላይ ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይፈልጋል፤ እዚያ ስሆን እሑድን እጠብቃለሁ።

በ2012 ጥር ላይ ያንኑ መንገድ ደግሜ ስሄድ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ሹሩባውን የተሠራሁት ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን ሳይሆን ከአራት ቀን በፊት ነው። የሚያም ካለ ቤቴ ሆኜ እንዳውቀው ብዬ። ጫፉን ሁለት ጣት ያህል አስከረከምኩ፤ የተሰነጠቀ ጫፍ ክሩ ውስጥ አይቆምም፣ እየሾለከ ይወጣል። በተልባ ውኃ አለሰለስኩት። ለሌሊት የሚያንሸራትት የሳቲን ሻሽ ያዝኩ፣ ለቀን የጥጥ። የሳቲኗ ሻሽ ናት ከባናው ያዳነችኝ። ከሁሉም ዕቃዬ አንድ ብቻ ያዥ ብባል እሷን ነው የምይዘው።

ጉንጉኖቹ የት እንደሚያርፉ ማሰብም ያስፈልጋል። ጸጉሬን አናቴ ላይ ጠቅልዬ ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ሞተር ላይ ሄልሜት አልገባ አለ። ማጅራት ላይ ሲጠቀለል ደግሞ አውቶቡስ ላይ ራስ አያሳርፍም፤ አንገት ወደ ፊት ተሰብሮ ነው የሚኬደው። ሁለት ጉንጉን ሲሆን ግን ወደ ፊት፣ ደረት ላይ ይጣላል። ሥራ ላይ ስሆን ከነጠላው ሥር ከኋላ አስራቸዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲገባም መሸፈኑ አያስቸግርም።

የፊት ለፊቶቹን ሁለት ሹሩባዎች በየሁለት ሳምንቱ ፈትቼ ራሴ እሠራቸዋለሁ። ቶሎ የሚበላሸውም ሰው የሚያየውም እነሱ ናቸው። የኋላዎቹን አልነካቸውም። በዚህ ዓይነት ስድስቱን ሳምንት አደረሰኝ፣ ሰው ፊት አፍሬም አላውቅም።

ይሄ የእኔ ዓይነት ከርደድ ላለ ጸጉር ነው። ባልደረባዬ ጸጉሯ ለስላሳ ስለሆነ ሹሩባ በአራተኛው ቀን ሾልኮ ይወርድባታል። ለእሷ የሆነላት አንድ ወፍራም ጉንጉን ሦስት ቦታ ላይ በጨርቅ ቁራጭ ማሰር ነው፤ በየሦስት ቀኑ ትፈታዋለች፣ ታበጥረዋለች፣ ትመልሰዋለች። እሷም ላስቲክ ሞክራ ነበር። ላስቲኩ የታሰረበት ቦታ ላይ ጸጉሯ ተቆርጦ ቀረ። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን እናድር ስለነበር ደግሞ ሚዶና ሻሽ መዋዋስ ክልክል ነው ብለን ተስማማን። ቅማል ከገባ ረጅም ጸጉር ላይ መውጫ የለውም።

ከሁለተኛው ጉዞ ስመለስ እህቴ ነች አብራኝ የፈታችው። መጀመሪያ ዘይት ቀባን፣ ከዚያ ከጫፍ ወደ ሥር፣ ቀስ እያልን። ስንጨርስ እፍኝ ሙሉ ጸጉር ሚዶው ላይ ተሰብስቧል። "ራስሽን ልትጨርሺ ነው!" ብላ ጮኸች። አሳየኋት። የሰው ጸጉር በቀን ከ50 እስከ 100 ድረስ ይረግፋል። ሌላ ጊዜ ትራስ ላይ፣ ልብስ ላይ ይቀራል፤ ሹሩባ ውስጥ ግን ተይዞ ይጠብቃል። 42 ቀን ሲባዛ እስከ 4,200 ይደርሳል። አንድ በአንድ አንስታ ጫፉን አየች። ተበታትኖ የረገፈ ነው፤ እንደዚያኛው ጊዜ ተሰብስቦ ከአንድ ቦታ የተነቀለ አይደለም።

ከግራ ጆሮዬ በላይ ያለው ቦታ ከአንድ ዓመት በላይ ሳስቶ ቆየ። ጸጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። አሁን ሞልቷል፣ ግን ከቀሪው አጠር ያለ ነው። ሹሩባ ስሠራ እሱን ሳልጎነጉነው ውጭ እተወዋለሁ።