የውሃው ሳህን

ፍልሰታ ገባ። ዝናቡ ከሰዓት ጀምሮ አላባራም፤ በአዘዞ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፣ መብራትም የለም። እንዲህ ሲሆን ሰው ያለ ምክንያት ይከፋዋል። ስለዚያ ልጽፍ ነበር አነሳሴ። የውሻችንን የውሃ ሳህን ባዶውን ሳየው ግን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ፦ ወንዶቹ ውሾች በራችንን የከበቡት ሰኔ ሚካኤል ሰሞን ነው። ዛሬ ሰባት ሳምንት።

የማህፀን መግል የሚጠበቀው እንግዲህ አሁን ነው። ወንድ መፈለጓ ካለፈ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣል፣ አንዳንዴም ይዘገያል። አረገዘችም አላረገዘችም ፕሮጄስትሮን የሚባለው የእርግዝና ሆርሞን ሁለት ወር ያህል ከፍ ብሎ ይቆያል፤ የማህፀኑን ግድግዳ ያወፍራል፣ አፉን ይዘጋል። አፉ ክፍት በነበረበት ሰሞን ከገዛ አንጀቷ የወጣ ኢ.ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ገብቶ ከሆነ እዚያው ይራባል። ግድግዳው ወንድ በፈለገች ቁጥር ስለሚበላሽ ዕድሜዋ የገፋው የባሰ ታሰጋለች፤ ወጣቷንም ግን ሊይዛት ይችላል።

መግሉ ወደ ውጭ ከፈሰሰ ደግ ነው፣ ቢያንስ ይታያል። ክፉው የተዘጋው ነው፦ ጠብ የሚል ነገር የለም፣ ሆዷ ይነፋል፣ ቤተሰቡ «አርግዛለች» ብሎ ቡችላ ለማን እንደሚሰጥ ይማከራል። ትኩሳትም ላይኖራት ይችላል። ጥሙን ግን ልብ ማለት ነው። የባክቴሪያው መርዝ ኩላሊቷ ውሃውን አስቀርቶ ሽንቱን እንዳያወፍር ያደርጋል፤ ብዙ ትሸናለች፣ ስለዚህ ብዙ ትጠጣለች። ውሃውን በሀይላንድ እየለኩ መስጠት ነው። 15 ኪሎ የምትመዝን ውሻ በቀን ከ1 ሊትር ተኩል በላይ ከጠጣች፣ ምግብ ከተወች ወይም ካስመለሳት ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን አልትራሳውንድ። ሆዷን መጫን አይሆንም፣ ማህፀኑ ሊፈነዳ ይችላል።

ዋናው ሕክምና በደም ሥር ፈሳሽና በአንቲባዮቲክ አረጋግቶ ማህፀኑን ከነእንቁላል ማምረቻው ማውጣት ነው። አንቲባዮቲክ ብቻውን ያስታግስና በሚቀጥለው ዙር ይመለሳል። ወንድ እንዳትፈልግ ተብሎ የሚወጋው የሆርሞን መርፌማ ራሱ በሽታውን ይጠራል።

ማህፀኗ በጤናዋ ቢወጣላት ኖሮ ይህ ሁሉ ቆጠራ ባልኖረ። ወንዱን «ተኮላሸ» ብለን በአንድ ቃል እንገላገላለን፤ ለሴቷ ስንት ቃል እንደረድራለን፣ ምናልባት የምንተወውም ለዚህ ይሆናል።

ሳህኑን ልሞላው አነሳሁት። ታቹ ተሰንጥቋል።

ጠጥታው ነው ወይስ ፈስሶ?