የኤረር በርን ደጅ ስናድስ

ኤረር በር በግንብ የታጠረችው የጥንቷ ሐረር፣ የጀጎል፣ ምሥራቃዊ በር ነው። ያደግኩት ከዚያ በር አምስት ደቂቃ በማያስኬድ ቦታ ነው። ከበሩ ውጪ ያለችው ቁራጭ መሬት ለዓመታት የፌስታልና የፍርስራሽ መጣያ ነበረች። እንግዳ ይዤ ባለፍኩ ቁጥር እሸማቀቃለሁ። ግንቡ የሐረር ገዥ ከነበረው ከአሚር ኑር ዘመን፣ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆመ ነው። ከተማው በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ደጁ ግን ቆሻሻ!

የሰፈር ልጆች ሆነን ብር አዋጣን። ፈቃድ ማውጣቱ ጊዜ ወሰደ። ቅርስ ነውና ቢወስድም አልከፋኝም። ቆሻሻውን በሁለት ቅዳሜ አነሳን። የተሳሳትነው ከዚያ በኋላ ነው።

የአበባ መደቡን ግንቡ ሥር አስጠግተን ሠራን፤ ቡገንቪሊያው ድንጋዩን ተንተርሶ እንዲወጣ ብለን። በየቀኑ አጠጣነው። ሁለት ወር ሳይሞላ የግንቡ እግር ረጠበ። በድንጋዮቹ መሃል ያለውን ጭቃ ስነካው እንደ ራሰ በሶ ጣቴ ላይ ቀረ። በጣም ደነገጥኩ። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ለምኜ አመጣሁ።

«አባባ፣ በሲሚንቶ ብንመርገውስ?» አልኳቸው።

«ተው ልጄ። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ይቆልፍበታል። ይሄ ግንብ መተንፈስ አለበት። ይልቅ ውሃውን አርቅለት።»

መደቡን አፈረስነው። ሁለት ሜትር ራቅ አድርገን እንደገና ሠራነው፤ መሬቱንም ወደ ውጪ አዘቀዘቅነው። የተጎዳውን የግንብ እግር ራሳችን አልነካንም፤ ለሚያውቁት ተውነው።

ሌላም ነገር ነበር። እዚያው ግንቡ ሥር ጅቦች ሌሊት የሚገቡበት ቀዳዳ አለ። ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል ይሉታል። አፈር ስንሞላ ግማሹን ደፍነነዋል። በሁለተኛው ሌሊት ጅቦቹ አፈሩን ዝቀው መንገዳቸውን ከፈቱ። ያኔ ሊገባን ይገባ ነበር። እኛ ግን መልሰን ሞላነው። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ከጠባቦቹ መንገዶች የወረደው ጎርፍ መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ ተመለሰ። አንዲት ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ ቁርጭምጭሚት ድረስ ቆመ። በዚያ ምሽት በአካፋ ስንቆፍር ውሃው በቀዳዳው እየተንዶለዶለ ሲወጣ አየሁ። ቀዳዳው የጅብ ብቻ አልነበረም። ዛሬ እንዲህ ያለ ሥራ ለሚጀምር ሰው የምለው፣ አካፋ ከማንሳትህ በፊት አንድ ክረምት ጃንጥላ ይዘህ ቦታው ላይ ቁም ነው።

ሣሩም አልሆነልንም። ሐረር ውሃ በፈረቃ የሚመጣላት ከተማ ናት። ታጠጣን የነበረችው ሐረማያ ሐይቅ ስትደርቅ ውሃው ከድሬዳዋ በኩል መምጣት ጀመረ። ሰው በጀሪካን ተሰልፎ እየቀዳ እኛ ሣር ማጠጣታችን አሳፈረኝ። ሣሩን ነቅለን እሬትና ወይራ ተከልን። እሬቱ ያለ ውሃ ሰነበተ። ወይራዎቹ ግን ችግኝ ስለሆኑ ውሃ ፈለጉ።

መፍትሔው የመጣው እኛ ካባረርናቸው ሰዎች ነው። በሩ ጋ ከገጠር መጥተው አትክልት የሚሸጡ እናቶች አሉ። መደቡን ስናጥር ቦታቸውን ወሰድንባቸው። ማንም አላማከራቸውም፤ ይሄ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። አጥሩን አንስተን ይቅርታ ጠየቅን። በቦታው ከሐረር ድንጋይ ረጅም መቀመጫ ሠራንላቸው። አዴ የምንላቸው አንዷ እናት ካሮት ያጠቡበትን ውሃ ማታ ማታ ወይራው ሥር ይደፉታል። ማንም አላዘዛቸውም። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ የጎን ቅርንጫፉን በእጃቸው ቀና እያደረጉ፣ በጨርቅ ቁራጭ ከእንጨት ጋር ሲያስሩት አገኘኋቸው።