ኮከብ ለማየትም ቪዛ ይጠየቃል

ስዊድን ሥነ ፈለክ እየተማርኩ ነው፤ ሰሞኑን የባሕር ዳር ጓደኞቼ ጣና ዳር ቁጭ ብለው አሳ እየበሉ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ከኋላ የጀልባ ሞተር ይሰማል፤ አንጀቴን በሉት! ጥያቄያቸው ግን ያው የድሮው ነው፤ «አንቺ፣ ኮከብ ቆጠራው እንዴት ይዞሻል? የኔንም እስቲ እዪልኝ።» አንዲት የሰፈራችን እትዬማ የልጃቸውንና የእጮኛውን ስም ከነእናታቸው ስም ልከው፣ ኮከባቸው ይገጥም እንደሆነ እንዳሰላላቸው ጠይቀውኛል።

ፈረንጁም አይሻል። እዚህ ስቶክሆልም አንዱ «አገራችሁ ቴሌስኮፕ አለ?» ሲለኝ፣ እንጦጦ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ መስታወታቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን ብዬ ደረቴን ነፋሁ። «መብራትስ አለ?» አለኝ። መብራት ሲጠፋ ኮከብ ይበልጥ ይታያል ብዬ ዘጋሁት።

ሥራዬ የሚርገበገቡ ከዋክብት ላይ ነው። ውስጣቸው ያለው የሂሊየም ንብርብር ሙቀቱን አፍኖ ይይዝና ኮከቡ ያብጣል፤ ሲያብጥ ሙቀቱ ያመልጥና ተመልሶ ይኮማተራል፤ የሚፈላ ድስት ክዳኑን እንደሚያነሳና እንደሚጥል በሉት። ከእነዚህ ውስጥ ሴፌይድ የሚባሉት ዑደታቸው በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ብርሃናቸው እንደሚበልጥ አሜሪካዊቷ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሄንሪታ ሌቪት እ.ኤ.አ. በ1912 ስላሳየች፣ ያንን ለዓይናችን ከሚደርሰው ብርሃን ጋር በማስተያየት የሩቅ ጋላክሲ ርቀት በእነሱ ይለካል። ጣጣው ከምድር ሆኖ ለሚያይ ሰው ነው። ፀሐይ ስትወጣ ሥራው ይቋረጣል፣ ኮከቡ ግን ቆሞ አይጠብቅም። ዑደቱ ግማሽ ቀን አካባቢ የሆነ ኮከብማ ከአንድ ቦታ ብቻ ሲታይ በየማታው ያንኑ ገጽታ እያሳየ ያታልላል። ለዚህ ነው በየአህጉሩ ያሉ ቴሌስኮፖች እየተቀባበሉ የሚከታተሉት።

እኔም ደቡብ አሜሪካ ተራራ ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ተራ ደረሰኝና ቪዛ ልጠይቅ ሄድኩ። የቆንስላው ሰውዬ ፓስፖርቴን ወደ መብራት አንስቶ አየ፣ ፎቶዬን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ፣ ከዚያ «ኮከብ ከዚህ አይታይም?» አለኝ። የደቡብ ሰማይ ነው፣ ከስዊድን አይወጣም አልኩት። እንደምመለስ ማረጋገጫ አምጪ አለኝ። ዛፍ የማይበቅልበት ተራራ ጫፍ ላይ ወዴት ልጠፋ ነው? ወረቀቱን ሳመላልስ የተመደቡልኝ ሌሊቶች አለፉ። የቴሌስኮፕ ተራ ደግሞ ካለፈ አለፈ፣ እንደገና ማመልከት ነው። ቪዛ የማያስፈልገው የክፍሌ ልጅ በኔ ፈንታ ሄደና የደቡብ መስቀልን ፎቶ ላከልኝ፤ «ይሄን አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ። እናቴ ጓሮ ሆኜ ያየሁትን! ባሕር ዳር ወደ ደቡብ ዞር ሲሉ የደቡብ መስቀል፣ ወደ ሰሜን ዞር ሲሉ ጣና ላይ ዝቅ ብሎ የሰሜን ኮከብ። እሱም በ4 ቀን ገደማ አንዴ የሚርገበገብ ሴፌይድ ነው። እዚህ ስዊድን ግን ሰኔና ሐምሌ ሌሊቱ አይጨልም፣ ኅዳር ሲመጣ ሰማዩ በደመና ይዘጋል። ሰማይ ጥዬ ሰማይ ፍለጋ መምጣቴን ሳስበው እስቃለሁ፤ አንዳንዴም አልስቅም።

ስኮላርሺፕ የምትጠብቁ ልጆች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ቴሌስኮፑ የት አገር እንዳለ ጠይቁ። ቪዛውን ማን ይከታተላል፣ ከሩቅ በኮምፒውተር ማዘዝ ይቻላል ወይ በሉ። ይሉኝታ አይያዛችሁ፤ እዚህ ያልጠየቀ ሰው ሁሉም ነገር እንደተመቸው ነው የሚቆጠረው። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ልመዱ፤ ዓይኑን ቴሌስኮፕ ላይ ደቅኖ የሚያድር ሰው እዚህ አላየሁም፣ ሥራው ኮምፒውተር ፊት ነው።

እስከዚያው ግን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ ሲጠራ፣ የመንገድ መብራት ከማይደርስበት የሐይቁ ዳርቻ ሆናችሁ ወደ ሰሜን ዴልታ ሴፊ የሚባለውን ሴፌይድ ኮከብ ፈልጉ። ከጎኑ ካሉት ሁለት ኮከቦች፣ ከዜታና ከኤፕሲሎን፣ ጋር ብርሃኑን እያስተያያችሁ በየማታው ጻፉ፤ ዑደቱ 5 ቀን ከ9 ሰዓት ገደማ ነው። ጆን ጉድሪክ የሚባል መስማት የተሳነው እንግሊዛዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1784 ተለዋዋጭነቱን የደረሰበት እንዲሁ እያስተያየ ነበር። ማመልከቻ የማየው እኔ ብሆን፣ ከምስክር ወረቀት ክምር ያንን ደብተር አስበልጣለሁ።