በሽታ የመሰለኝ የዝይ ገላ፦ ከሁለት ዓመት ደብተሬ

ዝይ ማርባት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ያዝኩ። ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም ሳልርቅ፣ አራት ትልልቅ ዝይ ከነጫጩቶቻቸው አሉኝ። በእኛ ሰፈር ስለ ዶሮ የሚጠየቅ ሰው ሞልቷል። ስለ ዝይ ግን የሚያውቅ አላገኘሁም። ስለዚህ አብዛኛውን የተማርኩት እየዳበስኩ፣ እያየሁና እየጻፍኩ ነው።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ የጭራዋ ሥር ነው። አንዷን ይዤ ጀርባዋን ስዳብስ፣ ጭራዋ ከሚጀምርበት በላይ እብጠት ነካሁ። ላባውን ገለጥኩት። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት እብጠቶች፣ ጫፋቸው ላይ እንደ ብሩሽ የቆመች ትንሽ የላባ ቁንጮ። ጫን ሳደርገው ቢጫ ቅባት ጣቴ ላይ ቀረ። መግል መሰለኝ። አንድ ጎረቤቴ "በምላጭ ከፈት አድርገህ አመድ ነስንስበት" አለኝ። ምላጭ ሁሉ ገዝቼ ነበር። ከመቁረጤ በፊት ግን ሌሎቹንም ልያቸው ብዬ ያዝኳቸው። ሦስቱም አላቸው፣ እዚያው ቦታ፣ ያው ዓይነት። በሽታ ቢሆን አራቱንም በአንድ ልክ አይዝም ነበር።

ለካ የቅባት ዕጢ ነው። ከዚያ ወዲህ ከውሃ ሲወጡ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። አንገቷን ወደ ኋላ ታዞርና ማንቁሯን እዚያች ቁንጮ ላይ ታሻለች። ከዚያ ደረቷን፣ ጎኗን፣ ክንፏን ትቀባለች። ማንቁሯ ለማይደርስበት ለጭንቅላቷ ደግሞ፣ ጭንቅላቷን ጀርባዋ ላይ ታሻሻለች። በአንድ በኩል ብቻ ካበጠ፣ ከጠጠረ ወይም ከቆሰለ ግን የእንስሳት ሐኪም ይየው። ምላጭ አታንሱ፣ አደራ።

የወንዱ ግንባር ላይ ያለው ጉብታም ምት አይደለም። የቻይና ዝይ የሚባለው ዘር ነው፣ ተፈጥሮው ነው። ሴቷም አላት፣ የእሱ ግን ይተልቃል። ሁለቱ ነጫጮች ከአውሮፓ የዱር ዝይ የመጡ ስለሆኑ ግንባራቸው ለጥ ያለ ነው። የምላስና የማንቁር ዳር እንደ መጋዝ መሆኑም ሣር መቁረጫ ነው።

የአንዷ ዝይ፣ በእግሮቿ መሃል ተንጠልጥሎ መሬት ሊነካ የሚደርሰው ሆድ ግን ብዙ አስጨንቆኛል። ውሃ የቋጠረች መስሎኝ ነበር። ዳብሱት። ለስላሳና ልል ከሆነ፣ እሷም በደንብ ከበላችና ከተራመደች፣ የቆዳና የስብ እጥፋት ነው። እንቁላል ልትጥል ስትል ደግሞ ይበልጥ ይወርዳል። እንደ ከበሮ ከተወጠረና ትንፋሽ ካጠራት ያ ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ አንድ ጠዋት ግቢው በትልልቅ የክንፍ ላባ ተሞልቶ አገኘሁት። ውሻ የገባ መሰለኝ። አንዲት እናት "አብሽር ልጄ፣ ዶሮም ላባዋን ትጥላለች" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ልዩነቱ ዶሮ የክንፏን ላባ ተራ በተራ ስትጥል፣ ዝይ በዓመት አንዴ ባንድ ላይ ትጥለዋለች። አዲሱ እስኪያድግ ሳምንታት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ክንፋቸውን አትያዙ። የሚበቅለው ላባ ሥሩ ደም የቋጠረ ነው፣ ከተሰበረ ይደማል።

አንድ ነገር ግን እውነተኛ ችግር ሆኖ አገኘሁት። ከጫጩቶቹ የአንዷ ክንፍ ጫፍ ወደ ውጭ ተጣመመ። ቶሎ ይደጉ ብዬ ኃይለኛ መኖ አብዝቼባቸው ነበር። ገላዋ በፍጥነት ሲያድግ፣ የከበደውን አዲስ ላባ የክንፏ መገጣጠሚያ አልቻለውም። መኖውን ቀንሼ ሣር ላይ አሰማራኋቸው። ክንፏን እንደ ጤነኛው አጥፌ በለስላሳ ጨርቅ አሰርኩት፣ እንዳይጠብቅባት በየቀኑ እየፈታሁ። አጥንቷ ገና ለጋ ስለነበር ተቃና። በአምስተኛው ቀን ጨርቁን ስፈታው ክንፏ ጎኗ ላይ ልጥፍ አለ። አሁን ከእህቶቿ ለመለየት እግሯ ላይ ቀይ ክር አስሬላታለሁ።