ድሃ አድርገው

የሕይወት ታሪክ ቻናል ላይ የሠራ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል። ስምንት ደቂቃ፣ ከጀርባ ዋሽንት፣ መጀመሪያ ላይ የሚያለቅስ ልጅ፣ መጨረሻ ላይ መኪና። እኔ ስክሪፕት ጸሐፊ ነበርኩ። የአሚታብ ባቻን ተራ ሲደርስ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት፤ ምክንያቱም ስለ ሰውዬው ብዙ አነብ ነበር፣ ደግሞ አገራችን ውስጥ የህንድ ፊልም አይቶ እሱን የማያውቅ የለም።

አለቃችን ስክሪፕት የሚያነበው ስልኩ ላይ ነው። አውራ ጣቱ ከቆመ ችግር አለ ማለት ነው። አባቱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አባቱ ምንድነው ያልከው?»

«ገጣሚ። ሃሪቫንሽ ራይ ባቻን። በሂንዲ ሥነ ግጥም ትልቅ ስም ያለው ሰው ነው። አላሃባድ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ አስተምሯል፣ ዶክትሬቱን ደግሞ ካምብሪጅ ነው የሠራው።»

«እና ልጁ ምን ጎደለው?»

«ምንም።»

«እንዲህማ አይሆንም። ድሃ አድርገው።»

ቁጣ የለው፣ እፍረት የለው። ማኪያቶውን ጠቆር አድርጊው እንደሚል ሰው ነው ያለኝ። ትንሽ ዝም አልኩ፤ እየቀለደ መስሎኝ። አልቀለደም።

ተከራከርኩ። ልጁ ናይኒታል አዳሪ ትምህርት ቤት ነው የተማረው አልኩት። ዴልሂ ኮሌጅ ገብቷል። ከዚያ ካልካታ የመርከብ ጭነት ድርጅት ውስጥ ደህና ሥራ ይዞ ነበር፤ የፊልሙ ከተማ ቦምቤይ የሄደው ሥራ አጥቶ ሳይሆን ሥራውን ለቆ ነው። እንዴት አድርጌ ነው ባዶ እግሩን የማስኬደው?

«ወንድሜ» አለኝ፣ «ፊልሙ ላይ ሁሌም ድሃ አይደል እንዴ?»

እዚህ ላይ አፌን አስያዘኝ። እውነቱን ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. «ዲዋር» ላይ የወደብ ጫኝና አውራጅ ነው። በ1983 «ኩሊ» ላይ የባቡር ጣቢያ ተሸካሚ ነው። ያ ሁሉ የተቆጣ ወጣት፣ ያ ሁሉ «ለምን?» የሚል ፊት፣ ከድሃ ሰፈር የወጣ ነው። የካምብሪጁን ዶክተር ልጅ ማንም አያውቀውም። ሰው የሚወደው ተሸካሚውን ነው። አለቃዬ ይህን ሁሉ አስቦ የተናገረ አይመስለኝም፤ ግን መልስ አላገኘሁለትም።

ሌላ መንገድ ሞከርኩ። ድህነት ከፈለግክ አለ፣ ግን መጨረሻ አካባቢ ነው አልኩት። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1996 ባንጋሎር ላይ የዓለም ቁንጅና ውድድርን ያዘጋጀው ያው ኩባንያ ነው። ከዚያ ከሰረ። አበዳሪዎች ቤቱ ድረስ እየመጡ ገንዘባችንን አምጣ ይሉት እንደነበር፣ አንድ ቀን ጠዋት በእግሩ ወደ ፊልም ሠሪው ያሽ ቾፕራ ቤት ሄዶ «ሥራ የለኝም፣ ሥራ ስጠኝ» እንዳለው ራሱ ነው የሚናገረው። ያ ሰው ልመና የሄደው የህንድ ትልቁ ተዋናይ ከሆነ በኋላ ነው! «ሞሃባቴን» የተባለውን ፊልም በዚያ አገኘ። በ2000 ሐምሌ ላይ ደግሞ፣ በ57 ዓመቱ፣ ትልልቆቹ የፊልም ሰዎች ንቀው በማይጠጉት ቴሌቪዥን ላይ የጥያቄና መልስ ውድድር መምራት ጀመረ፤ አገር ምድሩ ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰበ። ከዚህ የበለጠ ምን ታሪክ አለ?

«የሽማግሌ ድህነት ቪው አያመጣም» አለኝ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር እስካሁን አልረሳኋትም። አንዳንዴ ለራሴም እላታለሁ።

ፖለቲካውን በአንድ ቃል ነው የጨረሰው። በ1984 ከአላሃባድ ተመርጦ ፓርላማ መግባቱን፣ በ1987 መልቀቁን፣ ሁሉንም «አውጣ» አለ። የወደደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የህንድ ሬዲዮ ድምፁን ሰምቶ አይሆንም ማለቱን። «ይሄ ነው! መግቢያ ላይ አድርገው!» ተስማማሁ። ግን ቀጥሎ የጻፍኩትን ቆረጠው። በ1969 ሚሪናል ሴን የሚባለው ዳይሬክተር «ቡቫን ሾም» ለተባለው ፊልሙ ተራኪ ያደረገው ያንኑ የተጣለ ድምፅ ነው፤ ሰውዬው ፊቱ ከመታወቁ በፊት በድምፁ ሠርቷል። «ሚሪናል ሴንን ማን ያውቀዋል?» ተባለ፤ ወጣ።

በዚህ በጣም የከፋቸው ጋሼ ናቸው፣ ተራኪያችን። በድምፃቸው ነው የሚኖሩት። ለእሳቸው ያቺ መስመር ከጠቅላላው ስክሪፕት ትበልጥ ነበር። ሻያቸውን እያማሰሉ «በል ኩሊ ላይ የተመታውን ግን ጽፈሃል?» አሉኝ።

እንዴታ አልኳቸው። ሐምሌ 1982፣ ባንጋሎር። የድብድብ ትዕይንት ሲቀረጽ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ጠርዙ ሆዱን መታው፤ አንጀቱ ተጎዳ፣ ለሞት ደርሶ ተረፈ። ህንድ በሙሉ በየቤተ መቅደሱና በየመስጊዱ ጸለየለት። ፊልሙ ሲወጣ ያቺ ምት ጋ ሲደረስ ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጉዳቱ እዚህ ጋ ደረሰ የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ገጸ ባሕርዩ መጨረሻ ላይ ሊሞት ነበር፤ ዳይሬክተሩ ማንሞሃን ዴሳይ ግን ሰው ከሞት አፋፍ የመለሰውን አልገድልም ብሎ መጨረሻውን ቀየረ።

ጋሼ ሳቁ። «እኛ እኮ ሲኒማ ራስ ሆነን ሥዕሉ ቀጥ ሲል ማሽኑ የተበላሸ ነው የመሰለን። ጽሑፉን ማን ያነባል? ፉጨት በፉጨት ሆነ፣ ማሽን የሚያንቀሳቅሰውን ልጅ ስንሰድበው!»

ይህን ስክሪፕቱ ውስጥ ላስገባው ብዬ ጠየቅኩ። አለቃችን ጋሼን አየት አድርጎ «ጥሩ ነው፣ ግን ስለ እኛ አይደለም» አለ። እኔ ደግሞ በጠቅላላው ስለ እኛ የነበረው ያ ብቻ ነው ባይ ነኝ።

በመጨረሻ ስክሪፕቱ ለሌላ ልጅ ተሰጠ፣ «እንዲያስተካክለው»። ቪዲዮው ሲወጣ አላሃባድ የለም፣ ገጣሚው አባት የለም። ማንም የማያውቀው የህንድ ሕፃን አቧራ ላይ ይሮጣል፤ ጋሼ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው «ማን ያውቃል ይህ ልጅ...» ይላሉ። ሰው አለቀሰ። ቪው መጣ። ከታች አንድ ሰው «አባቱ እኮ ታላቅ ገጣሚ ነበር» ብሎ ጽፏል፤ ማን እንደሆነ ባላውቅም አጻጻፉ የጋሼን ይመስላል። አልጠየቅኳቸውም።

አንድ ነገር ግን ለአለቃዬ አልነገርኩትም። አሚታብ ቦምቤይ እንደገባ ጥቂት ሌሊቶችን ማሪን ድራይቭ በሚባለው የባሕር ዳር መንገድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከትልልቅ አይጦች ጋር እንዳደረ ራሱ ተናግሯል። ማስታወሻዬ ላይ ነበረች። ስክሪፕቱን ሳልልክ በፊት አውቄ አወጣኋት። ያቺን ወንበር ካገኘ ስምንቱንም ደቂቃ እዚያው እንደሚያሳድረኝ አውቃለሁ። ዛሬም ቢሆን አወጣታለሁ።

ወራት ቆይቶ ሌላ ቻናል ወንበሯን አገኛት። አለቃዬ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«አይተኸዋል? ውጭ አድሯል! ከአይጥ ጋር! አንተ ግን ምናለ በደንብ ብትፈልግ?»

«ያን ሰሞን ኔትወርክ አስቸግሮኝ ነበር» አልኩት።