«ካርታው ይለፋት»

የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ፣ ነገ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው የሚያስተምሩ ልጆችን ነው የማሠለጥነው። ይህን ገጠመኝ የምጽፈው ሌሎች መምህራን እኔ የሠራሁትን ስህተት እየሠሩ ከሆነ ቶሎ እንዲነቁበት ብዬ ነው።

ክፍሌ ውስጥ አንዲት ዓይነ ስውር ተማሪ ነበረች። ስሟን አልጠቅስም። የሸዋ ሮቢት አካባቢ ልጅ ናት። ከጓደኛዋ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይመጡና ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እኔን አስፈቅዳ ትምህርቱን በስልኳ ትቀዳለች። አንዳንዴ ደግሞ በብሬል፣ በጣት በሚነበበው የነጥብ ጽሑፍ፣ ማስታወሻ ትይዛለች፤ ነጥቦቹን የምትወጋበት የስታይለሱ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ እስከ ሰሌዳው ድረስ ይሰማኛል።

የካርታ ንባብ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ጠራኋትና «ይሄ ምዕራፍ ይለፍሽ፣ አትጨነቂ፣ ማርኩን ከሌላው አሰላልሻለሁ» አልኳት። ሌሎቹም መምህራን እንደዚያው ነበር የሚያደርጉት። «ካርታው ይለፋት» የተለመደ አነጋገር ነው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ከልቤ። እሷም «እሺ» ብላ ሄደች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ በሚያውቀው በዚያ አጥንት ዘልቆ በሚገባ የጠዋት ብርድ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ቢሮዬ መጣች።

«መምህር፣ አምስት ደቂቃ ካለዎት ይህን ቢሰሙልኝ።»

ስልኳን ከፈተችው። የራሴ ድምፅ ነው። «ውሃው ከዚህ ይነሳና ወደዚህ ይወርዳል። እዚህ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል። ከዚህ ወዲህ ያለው በሙሉ ወደዚያ ነው የሚሄደው። ይኸኛው ግን ከዚያኛው ጋር አይገናኝም።» በመሃል የጠመኔ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ተማሪዎቹ «አዎ» ሲሉ።

«ይኸኛው የትኛው ነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ።

«እዚህስ የት ነው?»

ትምህርቱ ስለ ውሃ ክፋይ ነበር። ለሰሜን ሸዋ ልጅ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ደጁ ላይ ያለ ትምህርት የለም። ከደብረ ሲና በላይ ካለው የጣርማ በር ተራራ በስተምዕራብ የሚዘንበው ውሃ ወደ ጀማ ይወርዳል፣ ጀማ አባይ ይገባል፣ አባይ ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በደብረ ብርሃን የሚያልፈው በረሳም መንገዱ ይኸው ነው። በስተምሥራቅ በኩል የወረደው ግን ወደ አዋሽ ነው፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። አንድ ተራራ ላይ ጎን ለጎን የዘነቡ ሁለት ጠብታዎች እስከ መጨረሻው ሳይገናኙ ይቀራሉ ማለት ነው። ይህን የመሰለ ነገር «ከዚህ ወደዚያ» ብዬ ነው ያስተማርኩት።

ቀጥላ የተናገረችው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

«መምህር፣ እኔ እኮ ነገ አስተማሪ ነው የምሆነው። ተማሪዎቼ ስለ ካርታ ሲጠይቁኝ እኔ አልፎኛል ልበላቸው?»

ቅጂውን ልካልኝ ማታ ቤቴ ዓይኔን ጨፍኜ ሙሉውን ሰማሁት። የማውቀውን ትምህርት፣ እኔው ያስተማርኩትን፣ ከግማሹ በላይ መከተል አልቻልኩም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ካርታው እንዲያልፋት ያደረግኩት ለእሷ አዝኜ ብቻ አልነበረም። እኔም ሥራ ቀንሼበታለሁ።

በማግሥቱ ሞጁሉን እንዴት እንደምታነበው ጠየቅኳት። «አላነበውም፤ ጓደኛዬ ናት የምታነብልኝ» አለች። ፋይሉ የተነሳ ፎቶ ነው፤ የስልኳ አንባቢ «ምስል» ብሎ ዝም ይላል። ሌላው ሀንድአውቴ ደግሞ በድሮው የግዕዝ ፎንት የተተየበ ነው። እነዚያ ፎንቶች የግዕዝን ቅርፅ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ዓይን አማርኛ ያያል፣ ስልኩ ግን ትርጉም የሌለው ላቲን ያነባል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ኮድ በሚያገኝበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ እኔ ግን ያንን ፋይል ከዓመት ዓመት ስገለብጠው ነበር የኖርኩት። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ እንጂ ሁሉንም በዩኒኮድ እንደገና ተየብኩት። ኢስፒክ የሚባለው ነፃ የድምፅ አንባቢ አማርኛ ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፤ እሷ ግን ለምዳዋለች፣ እንዲያውም በጣም አፍጥና ነው የምትሰማው።

ካርታው ግን ቀላል አልነበረም። ካርቶን፣ ኮላና ሲባጎ ገዛሁ። የከፍታ መስመሮቹን (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን) በሲባጎ፣ ከተሞቹን በባቄላ፣ መንገዱን በቀጭን ሽቦ አደረግን። የሥራ ባልደረባዬ ከመንዝ የመጣ የበግ ፀጉር ፈትል ከቤቷ አመጣችልኝና ለወንዞቹ እሱን ለጠፍንበት፤ ሸካራ ስለሆነ ከሲባጎው በጣት በደንብ ይለያል። ኮርቼ ወሰድኩላት። ዳሰሰችው፣ ዳሰሰችውና «መምህር፣ በዝቷል» አለችኝ። ልክ ናት። ዓይን አንድ ገጽ ላይ ሁሉንም በአንዴ ያያል፤ ጣት ግን አንድ በአንድ እየሄደ ነው የሚሰበስበው። ስለዚህ ለሦስት ከፈልነው። አንዱ ከፍታ ብቻ፣ አንዱ ወንዝ ብቻ፣ ሦስተኛው መንገድና ከተማ። በመስመርና በመስመር መካከል ጣት የሚለየው ክፍተት ተውን። ስሞቹን እሷ ራሷ በብሬል ጻፈቻቸው። በስሌት (ወረቀቱ በሚያዝበት የብሬል መጻፊያ ሰሌዳ) እና በስታይለስ ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚወጋው፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ይህንንም ያስተማረችኝ እሷ ናት።

የከፍታውን ካርታ ስንጨርስ ኮላው እስኪደርቅ እንኳ አልጠበቀችም። ጣቷ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሄደ። መጀመሪያ ሲባጎዎቹ የተራራቁ ናቸው። ጣርማ በር ጋ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ተጨናነቁ። ቆም አለች።

«እዚህ ጋ ነው ጆሮዬ የሚደፈነው?» አለችኝ።

አዎ። እዚያው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አልፋ ነው ያለችው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር እንኳ አትሞላም። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ አብዛኛው ቁልቁለት ደግሞ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ነው። እሷ ያንን መንገድ በሰውነቷ ታውቀዋለች። ጣርማ በር ላይ ያለው የመኪና መንገድ ዋሻ ውስጥ ሲገባ የመኪናው ድምፅ እንደሚለወጥ፣ ከዚያ ብርዱ እየለቀቀ ሙቀቱ እንደሚመጣ፣ ጋቢዋን የት ጋ እንደምታወልቅ። መስመሮች ሲቀራረቡ ገደል ነው ማለት እንደሆነ እኔ አላስረዳኋትም። እሷ ናት ለክፍሉ ያስረዳችው።

ዓይናማዎቹ ተማሪዎች ካርታውን ለመዳሰስ ተሰለፉ። ለምን ስል፣ የከፍታ መስመር ከመጀመሪያውም ለብዙዎቹ አልገባቸውም ነበር፤ «አዎ» ሲሉኝ የነበረው እንዲያው ነው።

ሌላም ነገር ተከተለ። «እዚህ» እና «እዚያ» ማለት ትቼ የቦታውን ስም እየጠራሁ፣ ፊቴን ወደ ተማሪው አዙሬ ማስተማር ስጀምር፣ አንድ ዝምተኛ ልጅ ከክፍል በኋላ ተከትሎኝ ወጣ። አንዱ ጆሮው ጨርሶ አይሰማም፣ ሌላውም ደካማ ነው። ከንፈር እያየ ነበር የሚማረው፤ እኔ ደግሞ ለሰሌዳው ነበር የማወራው። ለማንም አልተናገረም ነበር። ዓመቱን ሙሉ!

በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ይህን ሳነሳ «ለአንድ ተማሪ ይሄ ሁሉ?» የሚል ነገር መጣ። ክፋት አልነበረውም፤ ሰው ሥራ በዝቶበታል፣ ይገባኛል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ማጽደቋን፣ አንቀጽ 24ም ስለ ትምህርት መሆኑን ነገርኳቸው። ያሳመናቸው ግን እሱ አይመስለኝም። ሦስቱን ካርቶኖች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጣርማ በርን አግኙልኝ አልኳቸው። ሁሉም ፈለጉ። ከዚያ በኋላ ወሬው ካርቶን ከየት ይገኛል ወደሚለው ሄደ።

በማጠቃለያ ፈተናው ጥያቄዎቹን የሚያነብላት ሰውና ተጨማሪ ሰዓት ተሰጣት፤ የካርታው ጥያቄ ግን አልቀረላትም። ከስምንት ስድስት አገኘች። የተሳሳተችባቸውን ሁለቱን ይዛ ቢሮዬ ድረስ መጥታ ተከራከረችኝ፤ በአንዱ ልክ ነበረች፣ ሰባት አደረግኩላት።

ለተግባር ልምምድ ወደ አገሯ ስትወርድ ካርታዎቹን ልውሰዳቸው ወይ አለችኝ። ጓደኛዋ በፌስታል ጠቅልላ በሲባጎ አሰረችላትና መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው። ረዳቱ ጭነት መስሎት ላይ ሊሰቅለው ሲል እንቢ አለች። ጭኗ ላይ አድርጋው ሄደች።