ከሽምብጥ ሆኜ ፊደል ሳስቆጥር

ፊደል በኅብረት ነው የሚቆጠረው። መምህሩ «ሀ» ይላል፣ ልጆቹ ተቀብለው «ሀ» ይላሉ። እኔም ልጅ ሆኜ ከየኔታ ፊት ቁጭ ብዬ የቆጠርኩት እንደዚሁ ነው። ዜማው አንዴ ከያዘህ ሳታውቀው ሳብዑ ላይ ትደርሳለህ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሰውን ሁሉ ቤት ባዋለበት ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ደወለች። «ወንድምዬ፣ እስቲ እነዚህን ልጆች አማርኛ አስተምርልኝ። ቤት ተዘግተው ሊያብዱ ነው» አለችኝ። አላመነታሁም። የእሷ ሁለት ልጆች፣ ዋሽንግተን ካለች ጓደኛዋ ደግሞ ሁለት። ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በቪዲዮ ተገናኘን። እኔ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ጓዳ ውስጥ ነኝ።

«ሀ» አልኩ። አንዷ ወዲያው መለሰች። ሌላው እኔ «ሁ» ስል እሱ «ሀ» ላይ ነበር። የሦስተኛዋ ድምፅ ተቆራርጦ መጣ። «ሂ» ላይ ስንደርስ ሁሉም በየፊናው ሆነ። ትንሿ ልጅ አለቀሰች፤ የተሳሳተች መስሏት። ምንም አልተሳሳተችም ነበር።

እኔም ቸኩዬ «የኢንተርኔቱ ፍጥነት ስላነሰ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ሰኞ ሄጄ ፓኬጁን ከፍ አስደረግኩ። የወር ክፍያው ጨመረ፣ ለውጡ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ዛሬ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማነሳው ይህን ነው። ብር ከመክፈልህ በፊት ችግሩ የመንገዱ የትኛው ቦታ ላይ እንዳለ እይ።

ያሳየኝ ፖሊ ቴክኒክ የሚማር የጎረቤታችን ልጅ ነው። ላፕቶፔን ከፍቶ ፒንግ የሚባለውን ትእዛዝ ጻፈ። ፒንግ ማለት «አለህ ወይ?» ብሎ ጠርቶ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ መለካት ነው። እኔ ፍራንክፈርትን የሚጠራ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የጠራው ሳሎን ያለውን የራሴን ራውተር፣ ያንን ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ሳጥን ነው። ከአሥር ጥሪ አንዱ መልስ አጣ!

«ጋሼ፣ መስመሩ ቤትዎ ድረስ ደህና ነው የሚመጣው። የሚጠፋው እዚሁ ሳሎንና ጓዳ መሃል ነው» አለኝ። ዋይፋዩ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ያልፋል። በዚያ ላይ የጎረቤቶቹ ሁሉ ዋይፋይ እዚያው ሞገድ ላይ ይጋፋል። 20 ሜትር የኔትወርክ ኬብል ገዛሁ። በግድግዳው ጥግ ጥግ ስቤ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። ዋጋው ለፓኬጁ በወር ከጨመርኩት ያነሰ ነበር፤ የድምፁን መቆራረጥ ግን በአብዛኛው አስቀረልኝ።

ቀጥሎ የመጣው የአፕሎድ፣ ከቤት ወደ ውጭ የመላክ ነገር ነው። ያኔ ቤታችን የሚገባው መስመር የድሮው የስልክ ሽቦ ነበር። በዚያ ሽቦ የሚሠራው ኤዲኤስኤል የሚባለው ኢንተርኔት ሲታሰብ ጀምሮ ለተቀባይ ነው የተሠራው። ለሚገባው ሰፊ መንገድ፣ ለሚወጣው ጠባብ። ሰው ገጽ ይከፍታል፣ ፊልም ያያል እንጂ ምን ይልካል ተብሎ ነው። እኔ ግን ከምቀበለው እኩል ምስልና ድምፅ መላክ ነበረብኝ። ወንድሜ ቤት ሲገባ ደግሞ ስልኩ በራሱ ፎቶዎቹን ወደ ላይ መጫን ይጀምራል። ያቺ ጠባብ መንገድ ትሞላለች። የእኔ ድምፅ ከፎቶው ኋላ ተሰልፎ ወረፋ ይጠብቃል። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ለላፕቶፔ ቅድሚያ ሰጠሁ፣ ስልኩም ፎቶ የሚጭነው ሌሊት ብቻ እንዲሆን አደረግኩ።

ይህ የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ዓለም ሁሉ በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ላይ ስለወጣ፣ ኔትፍሊክስና ዩቲዩብ መስመሩ እንዳይጨናነቅ አውሮፓ ውስጥ የምስል ጥራታቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

ኋላ ፋይበር ገባልን። ልዩነቱን በክረምት አየሁት። የመዳብ ሽቦ መገጣጠሚያው ውሃ ሲገባው ይታመማል፤ ከጣና በኩል ነጎድጓድ ሲነሳ እኔም ሞደሙን ከሽቦው መንቀል ልማዴ ነበር። ፋይበር መስታወት ነው። ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይሸከምም። ሰፈር ውስጥ የሚዘረጋው ጂፖን የሚባለው ዓይነት በአንድ ቀጭን ክር በሰከንድ ወደ 2.5 ጊጋቢት ያወርዳል፣ 1.25 ጊጋቢት ያወጣል። ክሩ እስከ 64 ቤት ሊከፋፈል ይችላል። ለእኔ ትልቁ ነገር የሚወጣው መንገድ መስፋቱ ነበር። የልጆቹ ፊት ጠራ። አፋቸውን እንዴት እንደሚከፍቱ ማየት ቻልኩ። «ቀ» እና «ጰ»ን ለሚማር ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ደስ ብሎኝ በቀጣዩ ቅዳሜ «በሉ አሁን አብረን» አልኩ። ዜማው እንደገና ፈረሰ።

በጣም አዘንኩ። ያን ሁሉ አስተካክዬ! ቁጭ ብዬ ማንበብና ማስላት የጀመርኩት ያኔ ነው።

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከባሕር ዳር ዋሽንግተን በአየር እንኳ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልስ ሲሆን ቢያንስ 110 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺኛ) ማለት ነው። ኬብል ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አገራችን ባሕር ስለሌላት መስመሩ በጅቡቲ፣ በኬንያ ወይም በሱዳን በኩል ወጥቶ ነው የባሕር ውስጥ ኬብል የሚያገኘው። ከዚያ ቀይ ባሕር፣ ከዚያ አውሮፓ፣ ከዚያ አትላንቲክ። እኔ ስለካው ዋሽንግተን ደርሶ መልስ 250 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነበር። ለወሬ ይበቃል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ምክር ለንግግር በአንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊሰከንድ ጥሩ ነው ይላል። አብሮ ማዜም ግን ሌላ ነው፤ መዘግየቱ 30 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሲያልፍ ዜማው መንሸራተት ይጀምራል። ምንም ያህል ሜጋ ብገዛ የማላሸንፈው ነገር ነበር።

በነገራችን ላይ ከዚህም የባሰ ጊዜ ነበር። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ወደ ውጭ የሚወጣው በሳተላይት ነው። ያ ዓይነቱ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚቆም፣ ጥያቄና መልሱ ብቻ ግማሽ ሰከንድ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲኮም፣ በ2010 ደግሞ ኢሲ የተባሉት ኬብሎች በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ባይዘረጉ ኖሮ የእኔ ክፍል አይታሰብም ነበር።

መፍትሔው የመጣው ካላሰብኩበት አቅጣጫ ነው። የትምህርቱን ቅጂ ዩቲዩብ ላይ እጭን ነበር። ቀጥታው በሚቆራረጥበት ሰሞን እንኳ ቅጂው ፍራንክፈርትም ዋሽንግተንም ፍስስ ብሎ ይታያል። ትልልቆቹ የቪዲዮ አገልግሎቶች ብዙ ሰው የሚያየውን ቅጂ ተመልካቹ አጠገብ ባለ ማከማቻ ያስቀምጣሉ። ለስኳር ሁልጊዜ መርካቶ አትሄድም፣ ሰፈርህ ሱቅ አለ፤ እንደዚያ ነው። ቪዲዮውም የጥቂት ሰከንድ ቁራጭ ቁራጭ ሆኖ ይላካል፣ መስመሩ ሲደክም ጥራቱ ዝቅ ይላል እንጂ ብዙ ጊዜ አይቆምም። የቀጥታ ንግግር ግን ገና አልተነገረምና አስቀድሞ ሊከማች አይችልም።

እኔም ትምህርቱን ለሁለት ከፈልኩት። ቀጥታ ሲሆን ተራ በተራ ነው፤ አንድ ልጅ ያነባል፣ ሌሎቹ ማይክ ዘግተው ይሰማሉ። አንድ በአንድ ስሰማቸው ማን «ጸ»ን እንደሚስት በደንብ ለየሁ። በኅብረት የሚባለው ደግሞ በቅጂ ሆነ። የእኔን ድምፅ በቴሌግራም እልካለሁ። እያንዳንዱ ልጅ በጆሮው እየሰማ አብሮ ይልና ቀድቶ ይልክልኛል። እኔ ዓርብ ማታ እገጣጥመዋለሁ።

ስለ መብራትና ስለ መቋረጥ አንድ ነገር ልጨምር። ለራውተሩና ለፋይበሩ ሳጥን 12 ቮልት የምትሰጥ ትንሽ ባትሪ ገዝቼ መብራት ሲሄድ ክፍለ ጊዜውን ታስጨርሰኛለች። አንድ ጊዜ መንገድ ሲቆፈር ፋይበሩ ተቆርጦ ሁለት ቅዳሜ አልፎናል። ከዚያ ወዲህ የሌላ ድርጅት ሲም በሌላ ስልክ ይዣለሁ። ሁለት መስመር ሲባል ግን ሁለቱም በአንድ ጉድጓድ የሚያልፉ ከሆነ ያው አንድ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ቀይ ባሕር ውስጥ ሲኮም፣ ኤኤኢ-1 እና ኢአይጂ የተባሉት ኬብሎች በአንድ ሰሞን የተበጠሱት በዚያችው ጠባብ መንገድ ስለሚያልፉ ነው።

የመጀመሪያውን ቅጂ ገጣጥሜ ስጨርስ እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። ድምፁን ከፍ አደረግኩት። አራቱ ልጆች «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» እያሉ አንድ ላይ ወረዱ። እናቴ ሲኒውን አስቀምጣ «እነዚህ ልጆች መቼ መጡ?» አለች።